ከዓመታት በኋላ ደብተር ሲገለጥ፦ ሜንተር የማግኘትና በአግባቡ የመጠቀም መመሪያ

ከ14 ዓመት በኋላ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ መጀመሪያ የደከመችው እጄ ናት። ሃያ ደቂቃ ማስታወሻ እንደጻፍኩ ጣቶቼ ተኮማተሩ። አጠገቤ ያለው ልጅ ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ጨርሷል። መምህሩ "አሳይመንቱን ፖርታሉ ላይ ጫኑት" ብሎ ወጣ። ፖርታሉ የቱ እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ። መሥሪያ ቤት ሰው እኔን ነው የሚያማክረው። እዚህ ግን እንኳን መልሱን፣ ጥያቄውንም አላውቀውም።

ያን ሴሚስተር ያለፍኩት በራሴ ብርታት አይደለም። በትምህርት ሁለት ዓመት የቀደመችኝ፣ በዕድሜ ግን በ9 ዓመት የምበልጣት አንዲት ተማሪ ነች ያሻገረችኝ። እሷም ሥራ ላይ ቆይታ ነው የተመለሰችው። የመጀመሪያ ምክሯ አጭር ነበር፦ "ምዕራፉን ከላይ አይጀምሩት። መጨረሻው ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ያንብቡና ከዚያ ይግቡ።" ሦስት ሌሊት ስታገለው የነበረ ምዕራፍ በአንድ ምሽት አለቀ።

እንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ይገኛል? ከተገኘስ በኋላ ምን ይደረጋል? የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ

"አማካሪ" ብል የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያርም መምህር ይመስላል። "መካሪ" ብል ደግሞ ጣቱን የሚቀስር ዘመድ ይመጣብኛል። ስለዚህ ሁላችንም አፍ ላይ ያለውን "ሜንተር" እጠቀማለሁ።

ሜንተር አስጠኚ አይደለም። አስጠኚ ትምህርቱን ያስረዳል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይሄዳል። ሜንተር ግን መንገዱን ራሱ ሄዶበታል። ጉድጓዱ የቱ ጋ እንዳለ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቀጠሮው ቀን "እንዴት ሆነ?" ብሎ ይጠይቃል።

ለጎልማሳ ተማሪ ከማስረዳቱ ይልቅ ይህ ጥያቄ ይበልጥበታል ባይ ነኝ። ልጅ ሳለን ጠያቂ ሞልቶ ነበር። ወላጅ ይጠይቃል፣ የክፍል ኃላፊ ይጠይቃል፣ ስም ጠሪው ይጠይቃል። ትልቅ ሰው ግን ትምህርቱን ቢተወው ማንም ልብ አይልም። እንዲያውም ቤተሰብ "እፎይ፣ አሁን ትንሽ አረፍክ" ይላል። ሥራ ቦታ ያለው አለቃም ደስ ይለዋል። ማቆም የሚያስወቅስ ሳይሆን የሚያስመሰግን ሲሆን፣ ሰው ሳያውቀው ያቆማል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። መሪው ያለው በእናንተ እጅ ነው። ቀጠሮ የምትይዙት እናንተ፣ ጥያቄ ይዛችሁ የምትመጡት እናንተ፣ ውጤቱን የምትናገሩት እናንተ። ሜንተሩ እንዲነዳችሁ ከጠበቃችሁ ነገሩ በሦስት ሳምንት ውሃ ይበላዋል።

ደረጃ 1፦ የት ላይ እንደምትቆሙ እወቁ

ሰው ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ትንሽ ደብተር ያዙ። ጥናት ላይ በቆማችሁ ቁጥር ቀኑንና ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ። ማሳመር የለም። የእኔ ደብተር እንዲህ ይላል፦

"ማክሰኞ ማታ። ሪፈረንስ እንዴት እንደሚጻፍ ጠፋኝ። 50 ደቂቃ ሄደ።"

"ሐሙስ። ደክሞኝ ነበር። አልከፈትኩትም።"

"ቅዳሜ። 'በጥልቀት ገምግም' ማለት ምንድን ነው? ማሳጠር ነው ወይስ መተቸት?"

በዚያ ሳምንት 11 ጊዜ ቆሜያለሁ። ትምህርቱ ራሱ ከብዶኝ የቆምኩት 2 ጊዜ ብቻ ነው። 5ቱ የአሠራር ጉዳይ ነው፤ ምን የት እንደሚገባ፣ ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠየቅ። የቀሩት 4ቱ ድካምና ተስፋ መቁረጥ ናቸው። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ "ጭንቅላቴ ዝጓል" እያልኩ ነበር የማማርረው። ደብተሩ ውሸቴን አወጣው።

እናንተም መስመሮቹን በሦስት ክፈሏቸው፦ ትምህርቱ፣ አሠራሩ፣ ጊዜና ሞራሉ። ትምህርቱ ከበዛ የሚያስፈልጋችሁ አስጠኚ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ አስጠኚ ፈልጉ። አሠራሩና ሞራሉ ከበዙ ግን ሜንተር ያስፈልጋችኋል።

ሁለቱን የሚይዝ አንድ ሰው ላይገኝ ይችላል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካቲ ክራም በ1980ዎቹ በሥራ ቦታ ያሉ ሜንተሮችን ስታጠና ሥራቸውን በሁለት ከፍላዋለች። አንዱ መንገድ ማሳየት፣ በር መክፈት፣ ማሠልጠን ነው። ሌላው ሰውየው በራሱ እንዲተማመን ማድረግ፣ መስማት፣ አርአያ መሆን ነው። ጎበዝ መንገድ አሳይ ሆኖ ስሜት የማይገባው ሰው አለ። የሚሰማ ሆኖ ፖርታሉን የማያውቅም አለ። ሁለት ሰው ብትይዙ ነውር የለውም።

ደረጃ 2፦ ማንን ልፈልግ?

ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው ትልቁን ሰው ነው። ፕሮፌሰሩን፣ የዲፓርትመንት ኃላፊውን፣ በመስኩ ስም ያለውን። እኔ አልመክርም። ከእናንተ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ብቻ የቀደመ ሰው ይሻላል።

ምክንያቱን ሦስት ኢኮኖሚስቶች በ1989 ባሳተሙት ጽሑፍ "የዕውቀት እርግማን" ብለውታል። አንድ ነገር ካወቅን በኋላ አለማወቅ ምን ይመስል እንደነበር መገመት ያቅተናል። ፕሮፌሰሩ ሪፈረንስ መጻፍ ያስቸግራል ብሎ አያስብም፤ ለእሱ እንደ መተንፈስ ነው። ባለፈው ዓመት የተቸገረ ሰው ግን ቁስሉ ገና አልጠገገም። የቱ ቁልፍ እንደሚጫን እንኳ ያስታውሳል።

ከተቻለ ደግሞ እሱም አቋርጦ የተመለሰ ይሁን። ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የገባ የሃያ ዓመት ልጅ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን "ልጄ አሞት አላጠናሁም" ስትሉት በአዘኔታ ያያችኋል እንጂ መላ አይነግራችሁም።

የት ይገኛሉ? በዲፓርትመንታችሁ ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያሉትን እዩ። ማታና ቅዳሜና እሑድ የሚማሩት ቀድመው የሚገኙት ላይብረሪ ነው፤ ቦርሳቸው ከሥራ መምጣታቸውን ያሳብቃል። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ እየሠራ የተማረ ሰው መኖሩን ጠይቁ። ተቋማችሁ የተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ካለው ሜንተር ያገናኙ እንደሆነ እዚያ ጠይቁ።

እነማን አይሁኑ? የትዳር ጓደኛ አይሁን። ቤት ውስጥ ያለው የሥራ ክፍፍል ከአሳይመንቱ ጋር ይደባለቅና ጠቡ መነሻው ይጠፋል። የቅርብ አለቃችሁም አይሁን፤ ድክመታችሁን የነገራችሁት ያው ሰው የሥራ አፈጻጸማችሁን ይሞላል። ሁልጊዜ "አይዞሽ፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ" የሚል ጓደኛም አይሆንም። ጓደኛነቱ ይቀጥል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይደለም።

ደረጃ 3፦ አጠያየቅ

"ሜንተር ትሆነኛለህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። ትዳር እንደመጠየቅ ነው፤ ሰውየው ስንት ዓመት እንደሚታሰር አያውቅም፣ ይደነግጣል። አንድ ትንሽ፣ ጫፍ ያላት ነገር ጠይቁ። እኔ የላክሁት መልእክት ከሞላ ጎደል ይህ ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ዓመት የማታ ተማሪ ነኝ፣ ከ14 ዓመት በኋላ ነው የተመለስኩት። ባለፈው ላይብረሪ ውስጥ ለአንድ ልጅ ስለ አሳይመንት ስታስረጂ ሰማሁሽ። የመጀመሪያ አሳይመንቴን ጽፌያለሁ፣ 4 ገጽ ነው። መግቢያውን ብቻ፣ ግማሽ ገጽ፣ አንብበሽ ጥያቄውን መለስኩ ወይስ አልመለስኩም የሚለውን ብትነግሪኝ? ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ካልተመቸሽ ምንም አይደለም።"

ልብ በሉ፤ ማን እንደሆንኩ አለ፣ ለምን እሷን እንደመረጥኩ አለ፣ የምፈልገው ነገር ልኩ ተቆርጧል፣ እምቢ ማለቻ በሩም ክፍት ነው። ሥራውም አስቀድሞ ተሠርቷል። ባዶ እጁን መጥቶ "እርጂኝ" የሚልን ሰው መርዳት ይከብዳል።

ካገኛችሁት በኋላ የነገራችሁን ሥሩበት። ከዚያ በሳምንቱ "ባልሽኝ መሠረት መግቢያውን ቀየርኩት፣ ይኸው" ብላችሁ ላኩ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው፤ ምክር ተቀብሎ ይጠፋል። ሰው ጊዜውን ሰጥቶ የት እንደደረሰ ካላወቀ ሁለተኛ አይሰጥም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተገናኛችሁ በኋላ ነው "በየ15 ቀኑ እየተገናኘን እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ብንቀጥልስ?" ማለት ያለባችሁ። ያኔ ቃሉን መጥራት እንኳ አያስፈልግም።

መልስ ካልሰጠ? አንድ ጊዜ አስታውሱት። አሁንም ዝም ካለ ወደ ሌላ ሰው እለፉ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ

ቁጭ ብላችሁ ደንቡን ተነጋገሩ። መቼ፣ ለስንት ደቂቃ፣ በአካል ወይስ በስልክ። በመካከል ጥያቄ ቢኖር በቴሌግራም መጻፍ ይቻላል ወይስ ይረብሸዋል። የተነጋገራችሁት ከሁለታችሁ እንዳይወጣ። መቼ እንደሚያበቃም ጭምር። ማብቂያ የሌለው ነገር በሐሜትና በመሸሽ ነው የሚያበቃው።

አንዱን መስመር በግልጽ አስምሩ፦ ሜንተር አሳይመንት አይጽፍም፣ አያስተካክልም። ይጠይቃል፣ ያሳያል፣ እርሳሱ ግን በእናንተ እጅ ይቆያል። እኔ ከእሷ በፊት አንድ ሰው ይዤ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ችኩል። ጽሑፌን ወስዶ በማግስቱ አስተካክሎ መለሰልኝ። አማረ። መምህሩ ግን ክፍል ውስጥ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አስቁሞ "ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው?" ሲለኝ አፌን ያዘኝ። የእኔ ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

ሌላው ደግሞ በእኛ ቋንቋ የሚመጣ ጣጣ ነው፦ አንተ ወይስ እርስዎ? ሜንተራችሁ በዕድሜ የሚያንስ ከሆነ ይህን አታልፉት። የእኔዋ "እርስዎ" ስትለኝ ቆየች። እኔም አንቺ እያልኳት መከበሬ አልከፋኝም ነበር። ነገር ግን "እርስዎ" የምትለውን ሰው "ይህ አንቀጽ ባዶ ነው" ማለት ይከብዳል። ሁለት ወር ሙሉ ምክሯ በጥጥ ተጠቅልሎ ነው የደረሰኝ። "አንተ በይኝ" ብላት አንደበቷ እምቢ አላት። የተፈታው በኋላ ነው፣ እመጣበታለሁ። አክብሮቱ ይኑር ካላችሁም ይኑር፤ ግን "ስሕተቴን ሳትቀባቢ ንገሪኝ" የሚለውን ፈቃድ በቃል ስጡ።

ደረጃ 5፦ የቀጠሮውን 40 ደቂቃ እንዴት እንጠቀምበት?

ይህ ክፍል ይረዝማል። ጥቅሙ ያለው እዚህ ስለሆነ ነው።

ስትሄዱ የሠራችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የጠራውን ሳይሆን የተሰረዘውን፣ የተበላሸውን። "ሒሳቡ አልገባኝም" ማለትና የተሳሳታችሁበትን መስመር ማሳየት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አንድ ቀን ይህችን ይዤ ሄድኩ፦ 3(ሀ − 2) = 12። እኔ ቀጥሎ የጻፍኩት 3ሀ − 2 = 12 ነው። ከዚያ 3ሀ = 14 ብዬ፣ ለ3 አካፍዬ የማያልቅ ቁጥር ውስጥ ገባሁ። እሷ መልሱን አልነገረችኝም። ጣቷን በመጀመሪያውና በሁለተኛው መስመር መካከል ባዶው ቦታ ላይ አደረገችና "ከዚህ ወደዚህ እንዴት ተሻገሩ?" አለችኝ። "ቅንፉን ፈታሁት" አልኩ። "3ቱ ማንን አገኘ?" "ሀን።" "2ቱስ ምን አጠፋ?" ሳቅኩኝ። 3ቱ ቅንፉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ማባዛት ነበረበት፤ 3ሀ − 6 = 12፣ 3ሀ = 18፣ ሀ = 6። ቅንፍ ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ "2ቱስ ምን አጠፋ" ይለኛል።

ሥራው በመስመሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ሜንተራችሁ መልስ ለመስጠት ከቸኮለ "ቆይ፣ እንዴት እንዳሰብኩ ልንገርህ፣ የቱ ጋ እንደሳትኩ አስቁመኝ" በሉት።

ጊዜውን እኛ እንዲህ ነበር የምንከፍለው። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ባለፈው ያልነውን ደብተር ሳላይ እነግራታለሁ። ቀጥሎ 20 ደቂቃ አንድ ችግር ብቻ፣ ሁለት አይደለም። የመጨረሻው 10 ደቂቃ እስከሚቀጥለው ምን እንደምሠራ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት።

"ደብተር ሳያዩ ይንገሩኝ" የሚለው መጀመሪያ አናድዶኝ ነበር። ፈተና እንጂ ምክር አይመስልም። ግን መሠረት አለው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ያጠናነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ በፍጥነት እንደሚጠፋ አሳይቷል። በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነብበው ገሚሱን ደግመው እንዲያነቡት፣ ገሚሱን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። እኛ ደግሞ ከሥራ ስንመለስ ደክሞን የምናደርገው ያንኑ ማንበብ፣ በቀለም ማስመር፣ እንደገና ማንበብ ነው። ያወቅን ይመስለናል። ሳናይ እንድንናገር የሚያስገድደን ሰው ሲኖር ነው እውነቱ የሚወጣው።

ደረጃ 6፦ በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል

እሑድ ማታ ሦስት መስመር ላኩ። ምን ሠራሁ፣ የት ቆምኩ፣ በዚህ ሳምንት ምን እሠራለሁ። መልስ አትጠብቁ፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሩት። ዋናው ነገር እናንተ መጻፋችሁ ነው። "ምንም አልሠራሁም" ብሎ መጻፍም ይቆጠራል።

ዕቅዱን ስትጽፉ "በዚህ ሳምንት በርትቼ አጠናለሁ" አትበሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 ባወጣው ጽሑፍ፣ "ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ" ተብሎ መቼና የት የተቆረጠለት ዕቅድ ከምኞት ይልቅ እንደሚፈጸም አስረድቷል። የእኔ እንዲህ ነበር፦ "ልጆቹ ሲተኙ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ 40 ደቂቃ።" ሜንተሬ አንድ ጥያቄ ጨመረችበት፦ "ልጆቹ ካልተኙስ?" አላሰብኩትም ነበር። "ካልተኙ ጠዋት ከሥራ በፊት 25 ደቂቃ" ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ሴሚስተር ከምሽቱ ይልቅ የጠዋቱ 25 ደቂቃ ነው ብዙ ያሠራኝ።

ደረጃ 7፦ ስትወድቁ

የመጀመሪያ አጋማሽ ፈተና ላይ ከ100 38 አገኘሁ። ከዚያ ጠፋሁ። የእሑዱን መልእክት አቆምኩ። ስትደውል አላነሳሁም። "ሥራ በዝቶብኝ ነው" የሚል አጭር ነገር ላክሁ፣ እውነትም ሥራ ነበረ፣ ሥራ መቼ ጠፍቶ ያውቃል። 5 ሳምንት እንዲህ ሄደ።

ነገሩ ስንፍና አልነበረም። ለራሴ የምለው "መጀመሪያውኑ ቦታዬ አልነበረም፣ አሁን ሁሉም አወቀ" ነው። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1978 ይህን ስሜት ስም ሰጥተው ጽፈውበታል። ያጠኑት ደግሞ ሰነፎችን አይደለም፤ በትምህርትና በሥራ የተሳካላቸውን፣ ነገር ግን "አታልዬ ነው እዚህ የደረስኩት፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል" የሚሉ ሴቶችን ነው። በዚያው ዓመት ጃክ ሜዚሮ ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ኮሌጅ ስለተመለሱ ሴቶች ያደረገውን ጥናት አወጣ። ለውጣቸው የሚጀምረው የያዙት ነገር ሁሉ በተናጋበት ቅጽበት ነው ይላል። ከሚያልፉባቸው ደረጃዎች አንዱ ደግሞ ሌሎችም በዚያው መንገድ እንዳለፉ ማወቅ ነው። ያን ብቻችሁን ሆናችሁ ልታውቁት አትችሉም። አንድ ሰው ሊነግራችሁ ይገባል።

በ5ኛው ሳምንት መልእክት ደረሰኝ። "ውጤቱን አልጠየቅኩህም። የፈተና ወረቀቱን ይዘህ ና።" አንተ ያለችኝ ያን ቀን ነው።

ሄድኩ። ወረቀቱን ዘርግታ በሦስት ቀለም አሰመረችበት። ካጣሁት 62 ነጥብ 24ቱ ምንም ያልጻፍኩባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ አንደኛው ጥያቄ 5 ነጥብ ብቻ እያለው ሦስት ገጽ ጽፌ ጊዜ አልቆብኝ። 18ቱ "አወዳድር" ተብዬ ሁለቱን ለየብቻ የተረክሁበት ነው። በእውነት ያላወቅኩት 20 ነጥብ ነበር። 20! "ይህ አለማወቅ አይደለም፣ ፈተና መፈተን ረስተሃል" አለችኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያጠናነው ትምህርቱን አይደለም። በስልኬ ሰዓት ይዛ ነጥብን ለደቂቃ መከፋፈል ነው ያለማመደችኝ።

ስለዚህ ይህን ከአሁኑ ተስማሙ፦ ክፉ ውጤት ሲመጣ በ3 ቀን ውስጥ ትነግሩታላችሁ። ምክንያት ሳትደረድሩ፣ ወረቀቱን ብቻ። ሜንተሩም ሁለት ሳምንት ዝም ካላችሁ እንዲፈልጋችሁ አስቀድማችሁ ፍቀዱለት። ስትጠፉ የሚፈልጋችሁ ሰው የሚያስፈልጋችሁ ልክ መገኘት የማትፈልጉ ጊዜ ነው።

ይህን ለሜንተራችሁ አሳዩት

አጭር ነው። ፊታችሁ ያለው ሰው ባዶ ደብተር አይደለም። ልጅ አሳድጓል፣ በጀት ይዟል፣ ሰው አስተዳድሯል። የጎልማሶች ትምህርት ላይ ስሙ የሚነሳው ማልኮም ኖልስ አጥብቆ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ጎልማሳ ከመማሩ በፊት ለምን እንደሚማረው ማወቅ ይፈልጋል፣ በራሱ መወሰን የለመደ ነው፣ የሚማረውንም ከኑሮው ልምድ ጋር ሲያያይዝ ይገባዋል። ስለዚህ ነጋዴ ከሆነ ፐርሰንትን በትርፍ ጀምሩለት። ነርስ ከሆነች ሬሾን በመድኃኒት መጠን። የሚያውቁትን ሳትጠይቁ አታስረዱ።

ደግሞ ብዙ አታውሩ። ከ40ው ደቂቃ 25ቱን እናንተ ካወራችሁ ያ ቀጠሮ የእናንተ ነበር ማለት ነው።

ካልሆነስ?

ሦስት ጊዜ ተገናኝታችሁ ደብተራችሁ ላይ አንድም የተለወጠ ነገር ከሌለ፣ ወይም ከእሱ ስትወጡ ሁልጊዜ ዝቅ ያላችሁ ሆኖ ከተሰማችሁ አቁሙ። አትጥፉ፣ ንገሩት። "እስካሁን ስለረዳኸኝ አመሰግናለሁ፣ ከዚህ በኋላ በራሴ ልሞክር" ይበቃል። ገንዘብ፣ የግል ውለታ ወይም ከትምህርቱ ውጪ የሆነ ነገር መጠየቅ ከጀመረ ግን ማመስገንም አያስፈልግም፤ ያኑ ዕለት አቁሙ፣ ተቋሙ ውስጥ ለሚመለከተው ክፍልም አሳውቁ።

ደረጃ 8፦ መዝጋት

ከላይ ያነሳኋት ክራም በ1983 ባወጣችው ጥናት የሜንተርና የተማሪ ግንኙነት አራት ጊዜያት እንዳሉት ጽፋለች፦ መጀመር፣ ማበብ፣ መለያየት፣ ከዚያ በሌላ መልክ መቀጠል። ሦስተኛውን ብዙዎቻችን እንሸሸዋለን። ደስ አይልም፤ ግን ካልተለያያችሁ አራተኛው አይመጣም።

የእኛ የመጨረሻ ቀጠሮ ላይ ያቺን የመጀመሪያ ሳምንት ደብተር ይዤ ሄድኩ። 11ዱን መስመሮች አንድ በአንድ አነበብናቸው። 9ኙ ተፈትተዋል። "ሐሙስ፣ ደክሞኝ ነበር" የሚለው እንዳለ አለ። ሌላውም አለ፣ ሪፈረንስ አጻጻፍ። እሷም ሳቀች፣ "እሱ እኔንም እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል።" ከሁለት ወር በኋላ የማመልከቻ ደብዳቤዋን ላከችልኝና አንብበህ ንገረኝ አለች። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ጣቴን አድርጌ "ከዚህ ወደዚህ እንዴት ተሻገርሽ?" ስላት ስልኩ ውስጥ ለአፍታ ዝም አለች።

አሁን እኔም አንድ ሰው አለኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ እርስዎ ነው የምለው፣ ሳይቀባቡ መናገርን ግን በቃል ፈቅዶልኛል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እሑድ አሳልፎ አያውቅም ነበር። ባለፈው ግን ሦስቱ መስመር አልደረሰኝም፣ በዚህም አልደረሰኝም። ነገ ማታ እደውላለሁ።